ሪኮመንደር ሲስተም ለዳርክ ዌብ ወንጀል ጥናት፦ ዳታው ከየት ይምጣ? ውጤቱስ በምን ይለካ?

ማህደር_4ኪሎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ የኮምፒውተር ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የቴሲሴ ርዕስ ሪኮመንደር ሲስተምን (ለአንድ ሰው የሚስማማውን መርጦ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ለዳርክ ዌብ (በተራ ብራውዘር የማይገኘው ስውር ኢንተርኔት) ወንጀል ጥናት ስለመጠቀም ነው። ርዕሱ አልፏል፤ የሚቀረኝ ሙሉ ፕሮፖዛሉን ማቅረብ ነው።

ያለኝ ዕቅድ ይህን ይመስላል፦ በቶር (ማንነትን ደብቆ ዳርክ ዌብ የሚያስገባ ሶፍትዌር) በኩል ሁለት ሦስት የገበያ ሳይቶችን ለስድስት ወር ክሮል ማድረግ (ገጾቹን በፕሮግራም መሰብሰብ)፣ ከግምገማዎቹ «ገዢ በዕቃ» ማትሪክስ (ሰንጠረዥ) መሥራት፣ ማትሪክስ ፋክተራይዜሽን (ከሰንጠረዡ የተሞላው ተነስቶ ባዶውን የሚገምት ዘዴ) ማስኬድ፣ በመጨረሻም አርኤምኤስኢ (የተገመተው ደረጃ ከእውነተኛው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር) መለካት። አማካሪዬ ዕቅዱን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ምክሩ የሚቀርበው ለማን ነው?» ለዚህ አጥጋቢ መልስ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ለሙከራ ያገኘሁትን ትንሽ የፎረም ዳታ 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ 20 በመቶውን ለመፈተኛ በዘፈቀደ ከፍዬ ሳስኬደው ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ ያማረ ሆነ፤ እንዲህ ሲያምር ደግሞ አልወደውም። ነፃው ኮላብ (የጉግል የኦንላይን ኮድ ማስኬጃ) ማትሪክሱን ሰፋ ሳደርገው ሜሞሪ ሞላ ብሎ ይዘጋል። በዘርፉ የሠራችሁ ካላችሁ፦ ዳታ ከየት? የትኛው ዘዴ? የአገራችን ሕግስ እንዴት ያየዋል?


አምስት_ኪሎ_ላብ፦

እህቴ፣ የአማካሪሽ ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ከእሱ ጀምሪ።

«ገዢ በዕቃ» ማትሪክስ ከእነዚህ ገበያዎች በትክክል አይወጣም። ብዙዎቹ ገበያዎች ግምገማ ላይ የገዢውን ስም ይሸፍኑታል፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ትተው መሃሉን በኮከብ ይሞሉታል። በዚህ ምክንያት የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች አንድ ረድፍ ላይ ይደራረባሉ፤ ሞዴሉም የማንንም ፍላጎት አይማርም። ከዚህ የሚብስም አለ፦ ለገዢ ዕፅ ወይም የተሰረቀ ካርድ የሚመክር ሲስተም መሥራት ለወንጀሉ መሣሪያ ማቀበል ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አያሳልፈውም፣ ሊያሳልፈውም አይገባም።

ስለዚህ ተጠቃሚሽ መርማሪው ወይም የደህንነት ተንታኙ ይሁን። አንድ ተንታኝ በቀን 50 ውይይት አንብቦ ይጨርሳል ብለን እናስብ፤ ፎረሙ ላይ ያለው ግን በሺዎች ነው። የሲስተሙ ሥራ «ዛሬ የትኞቹን 50 ያንብብ?» የሚለውን መመለስ ይሆናል። ረድፉ የፎረም ጸሐፊ፣ ዓምዱ ውይይት፣ በመገናኛው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ሰውየው እዚያ ውይይት ውስጥ የጻፈው ፖስት ብዛት ነው። ተንታኙ አስፈላጊ ነው ያላቸውን ጥቂት ውይይቶች መነሻ አድርገሽ ተመሳሳዮቹን ታወጪለታለሽ።

ለስድስት ወር ክሮል የማድረጉን ሐሳብ ተዪው። ገበያዎቹ በየጊዜው ይዘጋሉ፣ ካፕቻ ይቀያይራሉ፣ አድራሻ ይለውጣሉ፤ ስድስት ወርሽ ዳታ በመጠገን ያልቃል። ግዌርን ብራንዌን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ተመራማሪ ለሕዝብ የለቀቀው ማህደር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ያለውን ይሸፍናል፣ 89 ገበያዎችና ከ37 በላይ ፎረሞች ይዟል። ተጨምቆ ወደ 50 ጊጋባይት ነው፤ ሲፈታ ግን ወደ 1.6 ቴራባይት ይደርሳል። በሙሉ ማውረድ አያስፈልግሽም። እያንዳንዱ ገበያና ፎረም ለብቻው የታሸገ ፋይል ስለሆነ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ገብተሽ አንድ ፎረም ብቻ ምረጪ፤ ሲልክ ሮድ 2 ወይም ኢቮሉሽን የሚባሉት ገበያዎች ፎረም ለማስተርስ ይበቃል። መብራት ቢቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል አውራጅ ተጠቀሚ፤ የወረደውን ሳትፈቺ በፊት ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) አረጋግጪ።

ማህደሩ የራሱ ጉድለቶች አሉት፤ ከመጀመሪያው ካላወቅሻቸው ውጤቱን ያበላሹታል። ክሮሉ በየቀኑ ሙሉ አልነበረም፤ አንድ ገጽ በአንድ ቀን ፎልደር ውስጥ ከሌለ «ጠፍቷል» ማለት አይደለም፣ ያልተነሳም ሊሆን ይችላል። የመግቢያና የካፕቻ ገጾች በዕቃ ወይም በውይይት ገጽ ስም ተቀምጠው ታገኛለሽ፤ የይለፍ ቃል መሙያ ሣጥን ያለበትን ፋይል ሁሉ ከመጀመሪያው አውጪ። ያው ፖስት በየፎልደሩ ስለሚደጋገም የጽሑፉን ሃሽ (ከጽሑፉ የሚሰላ አጭር መለያ ኮድ) አውጥተሽ ድግግሞሹን አስወግጂ። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ደግሞ ቀኑ ነው፦ ፎረሞች አዲስ ፖስት ላይ ቀን በመጻፍ ፈንታ «ዛሬ» እና «ትናንት» ይላሉ። ያንን ወደ እውነተኛ ቀን የምትቀይሪው ከክሮሉ ቀን ተነስተሽ ነው። ስክሪፕቱን በምታስኬጂበት ቀን ከሞላሽው የ2014ቱ ፖስት የዘንድሮ ይሆንና የጊዜ ክፍፍልሽ በሙሉ ይፈርሳል።

ከፎረሙ በተጨማሪ የገበያ ገጾችን የምትጠቀሚ ከሆነ ዋጋ ላይ ተጠንቀቂ። ሻጮች ዕቃ ሲያልቅባቸው ገጹን አያጠፉትም፤ ያጠራቀሙት ግምገማ እንዳይጠፋ ዋጋውን ማንም ሊከፍለው ወደማይችል ቁጥር ይሰቅሉታል። ዕቃው በታየባቸው ቀናት ከነበረው ሚዲያን (መካከለኛ) ዋጋ በብዙ እጥፍ የራቀውን መጣል ግድ ነው፤ አለበለዚያ አንድ ገጽ ብቻውን የገበያውን ጠቅላላ ሽያጭ ያዛባል። የካርኔጊ ሜለኑ ኒኮላ ክሪስታን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው የሲልክ ሮድ ጥናት ከ24,400 በላይ ዕቃዎችን ሲያጠና የግምገማን ብዛት የሽያጭ ምልክት አድርጎ ወስዷል። አንቺም እንዲሁ ማድረግ ትችያለሽ፤ ቁጥሩ የሽያጩ መነሻ ግምት እንጂ ሽያጩ ራሱ እንዳልሆነ ግን ጻፊው።


ካዛንቺስ_ዳታ፦

ዳታውን በተመለከተ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ወደ መለኪያው ልግባ፤ ብዙ ቴሲስ የሚወድቀው እዚህ ነው።

በዘፈቀደ መክፈል ውጤትሽን ለምን እንዳሳመረው ግልጽ ነው። አንድ ሰው በአንድ ውይይት ውስጥ ስድስት ጊዜ ቢጽፍ፣ አምስቱ ማሠልጠኛው ውስጥ አንዱ መፈተኛው ውስጥ ይገባሉ። ሞዴሉ መልሱን አስቀድሞ አይቶታል። ከዚያም በላይ በኅዳር የተጻፈው ማሠልጠኛ ሆኖ በጥቅምት የተጻፈውን «ይተነብያል»፤ ተንታኙ ግን ነገን አያውቅም። በጊዜ ክፈዪ፦ እስከ አንድ ቀን ያለው ማሠልጠኛ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ማስተካከያ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው መፈተኛ። ከዚያ መስኮቱን በሳምንት በሳምንት እያንሸራተትሽ ድገሚው። ከመፈተኛው ውስጥ ጸሐፊው ከዚህ በፊት የጻፈባቸውን ውይይቶች አስወግጂ፤ እነሱን መገመት ሥራ አይደለም።

የመክፈያ ቀኑን ስትመርጪ የገበያዎቹን ታሪክ እዪ። የመጀመሪያው ሲልክ ሮድ በጥቅምት 2013 ተዘጋ፤ ሲልክ ሮድ 2 በኅዳር 2013 ተከፈተ፣ በኅዳር 2014 በፖሊስ ዘመቻ ተዘጋ፤ ኢቮሉሽን በመጋቢት 2015 የደንበኞቹን ገንዘብ ይዞ ጠፋ (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር)። በእነዚህ ቀናት አካባቢ ተጠቃሚው በጅምላ ይሰደዳል፣ የውይይቱ ርዕስም በአንድ ሌሊት ይቀየራል። መክፈያሽ እዚያ ላይ ካረፈ የምትለኪው የሞዴሉን ችሎታ ሳይሆን የገበያውን መናወጥ ነው። መናወጡን ማጥናት ከፈለግሽ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አድርጊው፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚጠቅመው ምዕራፍ እሱ ይሆናል።

አርኤምኤስኢን እርሺው። ፎረም ላይ ኮከብ የለም፤ ገበያ ላይ ያለው ግምገማም ከሞላ ጎደል ሁሉም 5 ነው። ሁልጊዜ «5» የሚል ሞዴል በአርኤምኤስኢ ጎበዝ መስሎ ይታያል። ኤንዲሲጂ በ10 (ትክክለኞቹ በመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ምን ያህል ወደ ላይ እንደወጡ) እና ሪኮል በ50 (ከትክክለኞቹ ስንቱ በመጀመሪያዎቹ 50 ውስጥ እንደተገኙ) አድርጊ፤ 50 ያልኩት ከላይ ከተጠቀሰው የተንታኙ የቀን አቅም ጋር እንዲገጥም ነው።

ዘዴውን በተመለከተ ከቀላሉ ተነሺ። መጀመሪያ ባለፉት 30 ቀናት ብዙ ሰው የጻፈባቸውን ውይይቶች ብቻ የሚያቀርብ መነሻ (ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት ቀላል ዘዴ)፣ ቀጥሎ በዓምድ ተመሳሳይነት የሚሠራ ኬኤንኤን (የቅርብ ተመሳሳዮችን የሚፈልግ ዘዴ)፣ ከዚያ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ቢኤም25 (በቃላት መመሳሰል ነጥብ የሚሰጥ የፍለጋ ቀመር)፣ በመጨረሻ ኤኤልኤስ (አንዱ የማትሪክስ ፋክተራይዜሽን ስሌት) ለኢምፕሊሲት ዳታ፣ ማለትም ደረጃ ሳይሰጥ ከሰው ድርጊት ብቻ ለሚገኝ ዳታ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዳክሬማ፣ ክሬሞኔዚና ያናክ 18 የዲፕ ለርኒንግ ሪኮመንደሮችን መርምረው በተመጣጣኝ ጥረት ሊደገሙ የቻሉት 7 ብቻ መሆናቸውን፣ ከ7ቱም 6ቱ በአግባቡ በተስተካከሉ ቀላል ዘዴዎች እንደሚበለጡ አሳይተዋል። ከባዱን ሞዴል ያለ መነሻ ብታቀርቢ ፈታኞችሽ ይህን ያነሱብሻል፤ ትክክልም ናቸው።

ለኤኤልኤስ መነሻ ልኬት፦ ፋክተር (ለእያንዳንዱ ጸሐፊና ውይይት የሚሰጡ ስውር ቁጥሮች ብዛት) 32 እና 64፣ ሬጉላራይዜሽን (ሞዴሉ ዳታውን እንዳይሸመድድ የሚገታ ቁጥር) ከ0.01 እስከ 0.1፣ አልፋ 40 (አልፋ ለታየ ድርጊት የሚሰጥ ክብደት ነው፤ 40 ዘዴውን ያቀረቡት እነ ሁ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠቀሙበት ቁጥር ነው፤ ለአንቺ ዳታ ግን 1፣ 10 እና 40ን አነጻጽሪ)፣ ዙር 15። ከ5 ፖስት በታች የጻፉትን ከማሠልጠኛው አውጪ፤ ስንት እንደወጡ ግን ሪፖርት አድርጊ። የፖስት ብዛቱን እንዳለ አትስጪው፤ በአንድ ውይይት 300 ጊዜ የጻፈ አንድ ሰው ሁሉንም ይጎትታል። ሎጋሪዝሙን ውሰጂ።

ኮላብ የሚዘጋብሽ ማትሪክሱን ሙሉ አድርገሽ ስለምትገነቢው ነው። 20,000 ጸሐፊ በ50,000 ውይይት አንድ ቢሊዮን ሕዋስ ነው፤ በ4 ባይት ሲባዛ 4 ጊጋባይት፣ አንዴ ሲገለበጥ 8። ከሕዋሶቹ አንድ ሚሊዮኑ ብቻ ዜሮ ካልሆኑ ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ በሚያስቀምጠው በሲኤስአር አቀማመጥ ዳታው 8 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ፋክተሮቹም ለ20,000 ሰው በ64 ዓምድ 5 ሜጋባይት ይሆናሉ። ጂፒዩ አያስፈልግሽም፤ የራስሽ ላፕቶፕ ይበቃል። ይህ ሌላ ጥቅምም አለው፤ እንዲህ ያለ ዳታ የሰው ሰርቨር ላይ ባይወጣ ይሻላል።


ጠበቃ_እና_ኮድ፦

ሕጉን በተመለከተ አጠር አድርጌ።

ሁለት አዋጆችን ከፊትሽ አድርጊ። አንደኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው፤ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን፣ ከሕፃናት ጋር የተያያዘ ጸያፍ ይዘትንም በወንጀል ያስጠይቃል። ሁለተኛው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲሆን ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የግል መረጃ ማለት የመታወቂያ ስም ብቻ አይደለም፤ ሰውን በተዘዋዋሪ ለመለየት የሚያስችልም ይገባበታል። የፎረም ስም፣ የፒጂፒ (መልእክት መመስጠሪያ) ቁልፍ፣ የቢትኮይን አድራሻ በዚህ ዓይን መታየት አለባቸው።

በተግባር ይህ ምን ማለት ነው? አካውንት አትክፈቺ፣ ለማንም መልእክት አትላኪ፣ ምንም አትግዢ። ምስል ፈጽሞ አታውርጂ። ማህደሩን ስትፈቺ የጽሑፍ ፋይሎችን ብቻ እንዲያወጣ አድርጊ፤ የምስል ፋይሎች ዲስክሽ ላይ ሊያርፉ አይገባም፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ አስቀድሞ የሚያረጋግጥልሽ የለም። ገጾቹን በብራውዘር አትክፈቺ፤ በፓርሰር (ጽሑፉን ለይቶ በሚያወጣ ፕሮግራም) ብቻ አንብቢ፣ ተንኮል ያዘለ ስክሪፕት ሊኖር ይችላል። ሥራውን ኢንተርኔት ካፌ ወይም የጋራ ላብ ኮምፒውተር ላይ አታድርጊ። ዲስኩ የተመሰጠረ ይሁን፤ ዊንዶውስ ከሆነ ቬራክሪፕት፣ ሊኑክስ ከሆነ ሉክስ።

ስሞቹን ለመደበቅ ብዙዎች ሻ256 የተባለውን ሃሽ ብቻ ይጠቀማሉ፤ አይበቃም። የታወቁ የፎረም ስሞችን ዝርዝር የያዘ ሰው ሁሉንም ሃሽ አድርጎ ከአንቺ ጋር ያመሳክራቸዋል። ሚስጥራዊ ቁልፍ ያለውን የሃሽ ዓይነት፣ ኤችማክን፣ ተጠቀሚ፤ ቁልፉን ከዳታው ለይተሽ አስቀምጪ፣ ጥናቱ ሲያልቅ አጥፊው። የፖስቱን ጽሑፍ ቃል በቃል ቴሲስሽ ውስጥ አትጥቀሺ፤ ማህደሩ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ጸሐፊውን ማግኘት ይቻላል።

ዳታ ከመንካትሽ በፊት ከዲፓርትመንትሽ የሥነ ምግባር ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። ደብዳቤው የዳታውን ምንጭ፣ ምስል እንደማይወርድ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ ይግለጽ። በቃል የተሰጠ «ቀጥዪ» ችግር ሲመጣ አያድንሽም።


ፒያሳ_ግራፍ፦

ፈቃዱ ከዘገየ ወይም አማካሪሽ ወደ ሪኮመንደሩ ይበልጥ እንድታዘነብዪ ከፈለጉ፣ ከርዕስሽ ሳትወጪ የዳርክ ዌብ ዳታ ጨርሶ የማይፈልግ መንገድ አለ፦ በሐሰተኛ ግምገማ ሪኮመንደርን ማታለል። የተገዛ ግምገማ በስውር ገበያም በግልጽ ገበያም የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ሙቪሌንስ 100ኬ የተባለውን የፊልም ደረጃ ዳታ ውሰጂ፤ 943 ተጠቃሚ፣ 1,682 ፊልም፣ 100,000 ደረጃ አለው። አንድ ብዙም ያልታየ ፊልም ዒላማ አድርጊ። 1፣ 3፣ 5 እና 10 በመቶ ሐሰተኛ ተጠቃሚ ጨምሪ፤ 5 በመቶ ማለት 47 መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሐሰተኛ ለዒላማው 5 ይሰጥና ለመደበቂያ ወደ 84 ለሚሆኑ ሌሎች ፊልሞች (5 በመቶ) የየፊልሙን አማካይ አካባቢ ይሰጣል። ከዚያ ዒላማው ከስንት እውነተኛ ተጠቃሚ የመጀመሪያ 10 ውስጥ እንደገባ ቁጠሪ። በተጠቃሚ ተመሳሳይነት የሚሠራው ኬኤንኤን በዚህ ጥቃት ክፉኛ ይናጋል፤ በዕቃ ተመሳሳይነት የሚሠራው የተሻለ ይቋቋማል።

ሐሰተኞቹን ለመለየት ከፕሪንሲፓል ኮምፖነንት አናሊሲስ (የዳታውን ልዩነት ወደ ጥቂት ዋና አቅጣጫዎች፣ ኮምፖነንቶች፣ የሚያጠቃልል ስሌት) ጀምሪ። ሐሰተኞቹ ከአንድ ቀመር ስለሚወጡ እርስ በርሳቸው በጣም ይመሳሰላሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ኮምፖነንቶች ላይ ያላቸው ድርሻ ከእውነተኛው ሰው ያነሰ ይሆናል። የሚከሽፈው አጥቂው መደበቂያ ፊልሞቹን ሲያለያይ ነው፤ ስለዚህ አንድ የጥቃት ዓይነት ላይ ብቻ ፈትነሽ «ለየሁ» አትበዪ።


ማህደር_4ኪሎ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ለአማካሪዬ የምጽፈው መልስ «ለተንታኙ፤ በቀን 50 ውይይት» ይሆናል። ዳታው አንድ ፎረም ከማህደሩ፣ ክፍፍሉ በጊዜ፣ ከመነሻዎቹ ጋር ኤኤልኤስ። የፈቃዱን ደብዳቤ ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። «ጸሐፊው ቀጥሎ የት ይጽፋል» የሚለውን መገመትና «ለተንታኙ የሚጠቅመው የቱ ነው» የሚለው አንድ አይደሉም። የሚጠቅመውን ማን ይለይልኝ? እውነተኛ መርማሪ ማግኘት አልችልም።


ካዛንቺስ_ዳታ፦

ልክ ነሽ፣ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ሁለቱንም ለኪ። የመጀመሪያው በነፃ የሚገኝ ነው፣ ሁለተኛው የሰው ምልክት ይፈልጋል።

መጀመሪያ አንድ ገጽ የማይሞላ መመሪያ ጻፊ፦ ጠቃሚ ውይይት ማለት ምንድን ነው? ለምሳሌ የተሰረቀ ዳታ ለሽያጭ መቅረቡን፣ የአዲስ ማልዌር መሸጥን፣ ወይም ሻጭ ስሙን ቀይሮ መመለሱን የሚገልጽ። አጠቃላይ ጨዋታ፣ ስለ ፖስታ መዘግየት ማማረር፣ የዋጋ ጭቅጭቅ አይቆጠሩም። ከዚያ 10 ሳምንታት ምረጪ። በየሳምንቱ አራቱም ሲስተሞች ካወጡት የመጀመሪያ 20፣ 20ውን አንድ ላይ አድርጊና ድግግሞሹን አውጪ፤ በአንድ ሳምንት ከ80 አይበልጥም፣ በጠቅላላው ቢበዛ 800። ቅደም ተከተሉን አደባልቂው፤ ምልክት ሰጪው የትኛው ሲስተም እንዳወጣው ማወቅ የለበትም።

ምልክት የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንቺ አንዷ ብትሆኚ ሁለተኛው ሞዴሉን የማያውቅ ሰው ይሁን። መጀመሪያ 50 ውይይት ለየብቻችሁ ምልክት አድርጉና የኮኸንን ካፓ (ሁለት ሰዎች ምን ያህል እንደተስማሙ የሚያሳይ ቁጥር) አስሉ። ከ0.6 በታች ከሆነ ችግሩ ያለው መመሪያው ላይ ነው፤ የተለያያችሁባቸውን አንብባችሁ መመሪያውን አስተካክሉ፣ ከዚያ በአዲስ 50 ድገሙ። የመጀመሪያዎቹን 50 መልሳችሁ አትጠቀሙ፤ መልሱን ተነጋግራችሁበታል።

ለሁለተኛው ሰው ምን እንደሚያነብ አስቀድመሽ በግልጽ ንገሪው፤ ይዘቱ ከባድ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አያንብብ፣ በፈለገበት ጊዜ ማቆም እንደሚችልም ፈቃዱ ላይ ይጻፍ።

ይህ መንገድ የሚያጎድለው ከአራቱ ሲስተሞች አንዱም ያላወጣው ጠቃሚ ውይይት «የለም» ተብሎ መቆጠሩ ነው። ለዚህ በየሳምንቱ 10 ውይይት በዘፈቀደ መርጠሽ እዚያው ክምር ውስጥ ቀላቅዪ። ከእነሱ ውስጥ ጠቃሚ ከተገኘ አራቱም የሚያመልጣቸው ነገር አለ ማለት ነው፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ለብቻው ዘርዝሪው፣ ብዙ ጊዜ ገና ሁለት ሦስት ፖስት ብቻ ያላቸው አዳዲስ ውይይቶች ናቸው። ኤኤልኤስ እነሱን የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ቢኤም25 ግን ከርዕሳቸው ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ ከ3 ፖስት በታች ላሉት የቢኤም25ን፣ ከዚያ በላይ ላሉት የኤኤልኤስን ነጥብ የሚጠቀም አምስተኛ ሲስተም ብትጨምሪ እኔ የምጠብቀው ትልቁ መሻሻል እዚያ ነው። ምልክት ማድረግ ከመጀመርሽ በፊት ጨምሪው፤ በኋላ ከመጣ ያወጣቸው ውይይቶች ምልክት ስለማይኖራቸው ያለ ጥፋቱ ዝቅ ብሎ ይታያል።